መብራት በሌለበት ሌሊት የትንፋሽ ማሽንን ማሠራት

በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ በሐኪሞች አጠራር ስሊፕ አፕኒያ፣ የጉሮሮ ጡንቻዎች በእንቅልፍ ሲላሉ የአየር መተላለፊያው እየተዘጋ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚቋረጥበት ሕመም ነው። ታማሚው ያንኮራፋል፣ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተንፍሶ ይባንናል። ጠዋት ሲጠየቅ ምንም አያስታውስም፤ የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ሰው ነው። መቆራረጡ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ እስከ 30 ከደረሰ መካከለኛ፣ ከ30 ካለፈ ከባድ ይባላል። ያልታከመ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ቀን ያንቀላፋል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ መሪ እንደያዘ እንቅልፍ ሊጥለው ይችላል።

ለዚህ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው መሣሪያ ሲፓፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ከባልደረቦቹ ጋር ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ሞተር የክፍሉን አየር በማጣሪያ በኩል ስቦ በቱቦና በጭንብል ወደ አፍንጫ ይገፋል፤ የተገፋው አየር ጉሮሮው እንዳይዘጋ ከፍቶ ይይዘዋል። ኦክስጅን አይጨምርም፣ መድኃኒትም አይረጭም፤ ሥራው መግፋት ብቻ ነው። ሞተሩ ሲቆም ጉሮሮው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል፤ ስለዚህ ማሽኑ የሚጠቅመው መብራት እስካለ ድረስ ነው።

አዳማና ከሱ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው ስምጥ ሸለቆ መብራት የሚመነጭበት አካባቢ ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ኃይል ያመነጫል። ከአዳማ ከተማ ዳር ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው አሉቶ ተራራ ላይ ደግሞ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ተተክሏል። ከአሉቶ ሥር ላንጋኖ ዳር ድንኳን የተከለ ሰው ግን ሶኬት የለውም። ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ሊሳለም በአዳማ በኩል አልፎ ሜዳ ላይ የሚያድረው ምዕመንም የለውም። ከሞጆ እስከ ጅቡቲ የሚመላለሰው የተሳቢ ሹፌር መተሐራ ወይም አዋሽ ላይ ጋቢና ውስጥ ሲያድር እንደዚያው ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሞተሩ የሚቆምበት የአዳማ ነዋሪም ቢሆን ለዚያች ሌሊት ከድንኳን አዳሪው አይሻልም። የአራቱም መፍትሔ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው የባትሪው መጠንና የሚሞላበት መንገድ ነው።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚነበብ ነገር አለ፤ እሱም በማሽኑ አዳፕተር ላይ፣ ማለትም በሽቦው መሐል ባለው ጥቁር ሳጥን ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ሁለት መስመር አለው። አንደኛው ኢንፑት ይላል፤ ከሶኬት የሚገባው ማለት ነው። አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። ስለዚህ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን በኢትዮጵያው 220 ቮልት ለመሥራት ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስፒናውን ከአገሩ ሶኬት ጋር የሚያገናኝ ማቀያየሪያ ይበቃዋል። ሁለተኛው መስመር አውትፑት ይላል፤ ማሽኑ ራሱ የሚጠጣው ነው። አንዳንዱ ማሽን በ12 ቮልት፣ አንዳንዱ በ24 ቮልት ይሠራል። ይህች ቁጥር ከባትሪ ቤት ከመግባት በፊት መታወቅ አለባት፤ የሚገዛው ሽቦና መቀየሪያ በሷ ይወሰናል።

ያገለገለ ማሽን ከውጭ የሚመጣለት ሰው የሞዴሉንም ስም ማጣራት ይገባዋል። ፊሊፕስ ኩባንያ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ የመጀመሪያውን ትውልድ ድሪምስቴሽን ጨምሮ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን መልሶ ጠርቷል። ምክንያቱ ውስጣቸው ያለው የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ብናኙ ወደ ሳንባ ሊገባ መቻሉ ነው። ስፖንጁ ያልተቀየረለት ማሽን በነጻም ቢገኝ ርካሽ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሒሳብ ሥራ ነው፤ አድማጭ ወረቀትና እስክርቢቶ ቢይዝ ቁጥሮቹን ለመከተል ይቀለዋል። አዳፕተሩ ላይ 65 ወይም 90 ዋት ተጽፎ ይገኛል። ብዙዎች ይህን አይተው ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ 90 ዋት የሚበላ ይመስላቸዋል። 90 ዋት የአዳፕተሩ የመጨረሻ አቅም እንጂ የማሽኑ ፍጆታ አይደለም። ሞተሩ ብቻውን፣ በመካከለኛ ግፊት፣ የሚወስደው በአማካይ ከ10 እስከ 15 ዋት ገደማ ነው፤ ከአንድ ጥሩ የኤልኢዲ አምፖል አይበልጥም። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሌላ ነው፦ ውሃ እያሞቀ አየሩን የሚያረጥበው ክፍልና በቱቦው ላይ የተጠመጠመው ማሞቂያ። እነዚህ ሲበሩ ፍጆታው ወደ 50 ዋት ሊወጣ ይችላል። ምድጃ በባትሪ ማሠራት ውድ ነው፤ ማሞቂያው ደግሞ ትንሽ ምድጃ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው 8 ሰዓት ይተኛል። ማሞቂያው ጠፍቶ 15 ዋት በ8 ሰዓት ሲባዛ 120 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ በ12 ቮልት ሲካፈል 10 አምፒር ሰዓት ይመጣል። ማሞቂያው በርቶ ከሆነ 50 ዋት በ8 ሰዓት 400 ዋት ሰዓት ነው፤ ለ12 ሲካፈል ከ33 አምፒር ሰዓት ይበልጣል። ማሞቂያዋን ማጥፋት ብቻ የባትሪውን ወጪ ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ያወርደዋል። አቅሙ ለጠበበ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ቁጠባ የለም፤ ደግሞም አንድ ሳንቲም አያስወጣም። የማይነካው ነገር የአየሩ ግፊት ነው። ግፊት መቀነስ ባትሪ ቢቆጥብም፣ ሐኪም የወሰነው ግፊት ከወረደ ማሽኑ እየሠራ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ያኔ ባትሪውም ሕክምናውም በከንቱ ባከኑ ማለት ነው።

ያለ ማርጠቢያ የሚያድር ሰው አፍንጫውና ጉሮሮው ሊደርቅበት ይችላል፤ በተለይ በበጋ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራ በሚያነሳበት ወቅት። ለሁለትና ሦስት ሌሊት ግን አብዛኛው ሰው ይችለዋል። ከመተኛት በፊት አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ይረዳል። ከጭንብሉ ጋር የሚገጠም፣ የሚወጣውን ትንፋሽ እርጥበት ይዞ መልሶ የሚሰጥ ትንሽ ማጣሪያም አለ፤ መብራት የማይፈልግ በመሆኑ ለድንኳን ምቹ ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። በየባትሪ ቤቱ በቀላሉ የሚገኘው የሊድ አሲድ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወሰድለት ይመረጣል። ስለዚህ 10 አምፒር ሰዓት ለሚፈልግ ሌሊት ቢያንስ 20፣ ለሁለት ሌሊት 40 አምፒር ሰዓት የሆነ ያስፈልጋል። የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ሳህኖቹ ስስ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ሌሊት ሌሊት ቀስ ብሎ መራገፍ ቶሎ ይገድለዋል። ለሶላር የሚሸጠው፣ ወፍራም ሳህን ያለው ወይም ጄል የሚባለው፣ በዋጋው ትንሽ ቢበልጥም ይሻላል። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ደግሞ ከተጻፈበት 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይሰጣል፣ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው። ሲገዛ ውድ ነው፤ ነገር ግን ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ ተሞልቶ የሚራገፍ በመሆኑ ዓመቱን ሙሉ ለሚጠቀምበት ሹፌር በመጨረሻ የሚረክሰው እሱ ነው። በዓመት ሁለቴ ቁልቢ ለሚወርድ ሰው ሊድ አሲዱ ይበቃል።

ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው በቴስተር ይታወቃል። አርፎ የቆየ ሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ፣ ግማሽ ሲሆን 12.2 ገደማ ያሳያል። ከ12 ከወረደ መሞላት አለበት። ባዶውን ለሳምንታት የተቀመጠ ሊድ አሲድ ባትሪ ሰልፌት ይይዘውና ዳግመኛ በቅጡ አይሞላም፤ ከጉዞ እንደተመለሱ በዚያው ቀን መሙላት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ባትሪ ሲገዛ አብሮ ኢንቨርተር ይገዛል። ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ያወጣዋል፤ ከዚያ የማሽኑ አዳፕተር 220ውን መልሶ ወደ 12 ወይም ወደ 24 ያወርደዋል። ውሃ ሰገነት ላይ በባልዲ አውጥቶ መልሶ እንደማፍሰስ ነው፤ በሁለቱም ጉዞ ይፈስሳል። ኢንቨርተሩ ራሱም ምንም ሳይሠራ፣ ስለበራ ብቻ፣ ጥቂት ዋት ይወስዳል፤ 15 ዋት ለሚበላ ማሽን ይህ ትልቅ ቅጣት ነው። የሚያዋጣው ቀጥታ መንገድ ነው። ማሽኑ የ12 ቮልት ከሆነ አምራቹ ለመኪና ያዘጋጀው ሽቦ፣ የ24 ቮልት ከሆነ ከ12 ወደ 24 የሚያሳድግ መቀየሪያ ይፈለግለታል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ይገባል። ቀይና ጥቁሩ ሽቦ አንዴ ቢገለበጥ ማሽኑን ሊያቃጥለው ስለሚችል፣ ይህን በጨለማ፣ በስልክ መብራት ከመሥራት በቀን በኤሌክትሪሻን እጅ ማስጨረስ ይሻላል።

የተሳቢ ሹፌር በዚህ ሁሉ መሐል ሳያውቀው ባለጸጋ ነው። ከባድ መኪናዎች በአብዛኛው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎላቸው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ማሞቂያው የጠፋ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ከ24 ቮልት የሚወስደው 5 አምፒር ሰዓት ነው፤ 150 አምፒር ሰዓት ለያዘ ባትሪ ይህ ቁም ነገር አይደለም። ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ አለ። ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱ ወደ 28 ስለሚወጣ የ24 ቮልት ማሽን በቀጥታ ከመኪናው ጋር አይታሰርም፤ ቮልቱን አረጋግቶ የሚሰጥ መቀየሪያ መሐል መግባት አለበት። 12 ቮልት ፈልጎ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መሳብም ልማድ ሆኗል፤ ይህ አንዱን እያደከመ ሌላውን ከመጠን በላይ እያስሞላ ሁለቱንም ያበላሻል። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ጋር አይወዳደርም።

በትንሽ መኪና ላንጋኖ ለሚወርድ ቤተሰብ ነገሩ ይጠብበታል። ባትሪው 45 ወይም 60 አምፒር ሰዓት ቢሆን፣ አዲስ ከሆነ አንድ ሌሊት ይችላል። ያረጀ ከሆነ ጠዋት አሸዋው ላይ መኪና መግፋት ይመጣል፤ አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ ደግሞ መግፋቱም አይሠራም። የሲጋራ መለኮሻው ሶኬትም በብዙ መኪናዎች ቁልፉ ሲወጣ አብሮ ይጠፋል። ለብቻው የሚቀመጥ ሁለተኛ ባትሪ ይዞ፣ ቀን ሞተሩ ሲሠራ መሙላት ነው የሚሻለው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ያለው ሰው ግን ጭንቀት የለበትም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በአዳማ መንገድ ላይ በዝተዋል፤ አንዳንዶቹም 220 ቮልት የሚያወጡበት መሰኪያ አላቸው። አንዲት ሌሊት የምትፈጀው 120 ዋት ሰዓት ለእንዲህ ዓይነት መኪና የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ እንኳ አትሞላም።

ለብዙ ቀን ከቆዩ ሶላር ያስፈልጋል። 50 ዋት የሆነ ሰሌዳ 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 250 ዋት ሰዓት ይሰበስባል፤ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነው ሲቀነስ 170 ገደማ ይቀራል። ማሞቂያው ለጠፋ ማሽን ይበቃል። በሰሌዳውና በባትሪው መሐል ቻርጅ ኮንትሮለር የግድ ነው። በላንጋኖ ዳር የተለመደው ስሕተት ድንኳኑን ግራር ሥር ተክሎ ሰሌዳውንም እዚያው ማስቀመጥ ነው። ሰሌዳ በጥቂቱ ጥላ ቢያርፍበት እንኳ ምርቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ ሰው ጥላ ውስጥ፣ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ እንዲሆኑ ረዘም ያለ፣ ወፈር ያለ ሽቦ ይያዛል። የአቀማመጡም ነገር እንደ ወቅቱ ነው። አዳማ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ተኩል ብቻ ወደ ሰሜን ስለምትርቅ፣ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትታያለች፤ ሰሌዳውም ወደ ደቡብ ይዘቅዝቃል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያኔ ሰሌዳውን ጋደም አድርጎ መተው ይበቃል። የሐምሌው ቁልቢ ደመና ስለሚበዛበት በሶላር ብቻ መታመን አይቻልም፤ ለሚያድሩበት ሌሊት ሁሉ የሚበቃ ባትሪ ከቤት ሞልቶ መሄድ ነው።

ጀነሬተር ባትሪ ለመሙላት ቀን ላይ ቢነሳ ይጠቅማል። ሌሊት ግን ከድምፁም ከቤንዚኑም ይልቅ የሚያሰጋው ጭሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሲፓፕ ደግሞ በአጠገቡ ያለውን አየር ስቦ በቀጥታ ወደ ሳንባ ያስገባል። ጀነሬተር በድንኳን፣ በበረንዳ ወይም በመስኮት ሥር አይቀመጥም። ለብርድ ተብሎ ድንኳን ውስጥ የሚገባ የከሰል ማንደጃም ያው ነው፤ ማሽኑ ይኑርም አይኑር ሰው ይገድላል።

ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ብዙዎች የሚያስቡት የቢሮ ዩፒኤስ ነው። የሚጣልበት እምነት ግን ያለ ልኩ ነው። ውስጡ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ በሥራ ላይ የሚገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። መብራቱ በጠፋ ቁጥርም ጲጵ ጲጵ እያለ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ፓወር ባንክም በቁጥሩ ያታልላል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው የተቆጠረው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ለሌሊቱ እኩሌታ ገደማ ይሆናል። ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው የአየር መንገዶች ደንብም አለ፦ ትርፍ የሊትየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዛል፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ጥያቄ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ፤ ከ160 በላይ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። ለቤት የሚበጀው ያው የድንኳኑ ባትሪ ነው፤ መብራት ሲኖር ከቻርጀር ጋር ተሰክቶ፣ ማሽኑም ከሱ እየጠጣ ቢያድር መብራት መጥፋቱ ጨርሶ አይታወቅም።

ጥቂት ነገሮች ከመብራት ውጪ ናቸው። የአዳማ አቧራ ማጣሪያውን ቶሎ ስለሚደፍነው በየጊዜው ይታያል። በማርጠቢያው ውስጥ የሚገባው ውሃ የተጣራ ቢሆን ይመረጣል፤ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ዕቃው ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ጋራዥ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ለዚህ መጠቀም ግን አደገኛ ነው፤ ለመተንፈሻ የተዘጋጀ አይደለም፣ በተመሳሳይ ጠርሙስ አሲድም ይሸጣል። በከፍታ በኩል ብዙዎቹ ማሽኖች እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ግፊታቸውን ራሳቸው ያስተካክላሉ። አዳማና የሐይቆቹ ዳርቻ ከዚያ በብዙ ዝቅ ያሉ ናቸው። ከሻሸመኔ ወደ ባሌ ወጥቶ 4,000 ሜትር የሚያልፈው ሳነቴ ላይ ማደር ግን የማሽኑን መመሪያ ሳያነቡ የሚደረግ አይደለም።

ከጉዞው በፊት አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ፣ ስፒናውን ነቅሎ በባትሪ ብቻ ማደር ከሒሳቡ ሁሉ የበለጠ ይናገራል። ጭንብሉ አየር የሚያፈስ ከሆነ ማሽኑ ማካካሻ ስለሚገፋ ፍጆታው ይጨምራል፤ ይህን የሚያሳየው የሙከራው ሌሊት ነው። ጠዋት ማሽኑን ነቅሎ ባትሪውን ጥቂት ካሳረፉ በኋላ በቴስተር መለካትና፣ ሊድ አሲድ ከሆነ፣ 12.2 ቮልት ላይ ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ማየት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ባትሪው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢያልቅ፣ አፍና አፍንጫን የሚሸፍነው ጭንብል ማሽኑ ሲቆም የሚከፈት የአየር መግቢያ አለው፤ ቢሆንም አውልቆ መተኛት ይሻላል። ለአብዛኛው ታማሚ አንድ ሌሊት ያለ ማሽን ማደር የሚያሠጋ ነገር አይደለም፤ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም የተደረበበት፣ ወይም በሐኪም ትእዛዝ ሌላ ዓይነት የመተንፈሻ ማሽን የሚጠቀም ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ሳያማክር ከመብራት ርቆ አያድርም። በጀርባ መተኛት ጉሮሮውን ይበልጥ ስለሚዘጋው በጎን መተኛት፣ ራስጌን ከፍ ማድረግ፣ ያን ምሽት አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን አለመውሰድ ይረዳል። በእንቅልፍ ልቡ ወደ ጀርባው ለሚገለበጥ ሰው ልጆች የሚጫወቱበት የካልሲ ኳስ በካናቴራው ጀርባ ላይ ይሰፋለታል፤ ሊገለበጥ ሲል ኳሱ እየቆረቆረው ወደ ጎኑ ይመለሳል።